አሥራ ሁለተኛው ማመልከቻ

ከኮረብታው ላይ ያለው የተርባይን ክንፍ በጠዋት ፀሐይ ፊት በዞረ ቁጥር የትምህርት ቤቱ አዳራሽ አንዴ ይጨልማል፣ አንዴ ይበራል። ሰዉ ለምዶታል። ጥላው ሲያልፍ ወሬውን እንኳን አያቋርጥም። ያን ቀን ጠዋት ግን ብሎን የሚሉት ሰው አልለመደውም። በጨለመ ቁጥር የመምህርቷ ፊት ይጠፋበታል፤ በበራ ቁጥር ደግሞ ከቅድሙ ይበልጥ ገርጥቶ ያገኘዋል።

የተቀመጠው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ በሩ ሥር ነው። ማንም እዚያ አላስቀመጠውም። ከወንዙ ማዶ የመጣ ሰው ገባ ብሎ ከተቀመጠ «ማን ጋበዘው?» የሚል ዓይን ይወጋዋል፤ ብሎን ደግሞ ሳይወጋ መሸሽን ከልጅነቱ ተምሯል። ሌላ የተማረው ብዙ አይደለም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆነ።

ብሎን የሚለውን ስም ያወጡለት ተርባይኖቹ ሲተከሉ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ማማ ላይ እየተንጠለጠለ ብሎን ሲያጠብቅ ኖሮ፣ ሥራው ያለቀ ዕለት «የማዶው ልጅ፣ በቃህ» ተብሎ ተሰናበተ። የምረቃው ቀን ሪባን የቆረጡት አንድ ቀን መፍቻ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ጭብጨባውን እሱ የሰማው ከአጥሩ ሽቦ ውጭ ቆሞ ነው። ይህንን አልረሳም። ብሎን የሚረሳው ነገር የለውም። ፓምፕ ፈትቶ ሲገጥም እንኳን ቂሞቹን አንድ በአንድ እያወጣ ይወለውላቸዋል።

ከሁሉም አብዝቶ የሚወለውለው ግን ደረት ኪሱ ውስጥ ያለው ነው፤ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት።

መምህርቷ የባለ ሰባት ልጅ ናት። ባለ ሰባት የተባሉት በመሬታቸው ላይ ሰባት ተርባይን ስለቆመ ነው። ከዚያ በፊት ሰዉ ሁሉ «አንተ» ይላቸው ነበር፤ ሰባቱ ሲቆሙ «አንቱ» ሆኑ። ነፋሱ እንደሆነ ድሮም ይነፍስ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ የማማው ሥራ ገና ሳያልቅ፣ ብሎን የትምህርት ቤቱን ፓምፕ ሊጠግን ሄዶ፣ መምህርቷ አጠገቡ ቆማ እጆቹን ስታይ ቆየችና «ይሄ ሁሉ ጠባሳ ከምን ነው?» አለችው። ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ እጁ የጠየቀው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲጽፍ ሲቀድ ሰነበተና ደብዳቤ ላከላት። መጨረሻው ላይ «ካልፈለግሽኝ መልሺልኝ፣ ሰው እጅ እንዳይገባ» ብሎ ነበር። በአምስተኛው ቀን ፖስታ መጣለት። ሲከፍተው የራሱ ቃል ነው፤ ግን በእሷ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ እንደገና ተገልብጦ ተጽፎ። የመጀመሪያውን መስመር አየና አጠፈው። እንደ ተማሪ ደብተር! «እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ አንተ ደንቆሮ» ማለቷ ነው። የተማረ ሰው ሲሰድብ እንኳን በጥሩ ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ካያት በሌላ መንገድ ይታጠፋል። ወረቀቱን ግን አልጣለውም።

ዘንድሮ ደግሞ «የነፋስ ብር» የሚባለው መጣ። ተርባይኖቹን ያቆመው ድርጅት ለአካባቢው ልማት ድጋፍ ሊሰጥ ነው፤ ማንኛውም ሰፈር ወይም ማኅበር በቅጽ ያመልክት ተባለ። ሰፊዋ፣ የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ከከተማ አንድ ቅጽ አምጥታ ፎቶ ኮፒ አስደረገችና ለሁሉም በተነችው። ከዚያ አካባቢው በሙሉ መምህርቷ በር ላይ ተሰለፈ። «እጅሽ ያምራል፣ ጻፊልን» አሏት። ጻፈችላቸው። ለአባቷ ማኅበር ወፍጮ፣ ለሰፊዎቹ የስፌት መኪና፣ ለወጣቶቹ ንብ ማነቢያ፤ አሥራ አንድ ማመልከቻ።

ብሎን የእሷን እጅ ሊለምን? ይሙት እንጂ! ግማሽ ቀን በእግሩ ሄዶ ከድርጅቱ ቢሮ የራሱን ቅጽ ተቀበለና እዚያው ግንብ ሥር ተቀምጦ በራሱ እጅ ሞላው። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ወንዙን የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ። የማዶ ሰው የሚሻገረው በገመድ በሚጎተት ታንኳ ነው። ባለፈው ክረምት ያ ታንኳ ተገልብጦ ሁለት ሰው ወስዷል። አንዷ ብሎንን ያሳደገችው አክስቱ ነበረች።

ከፊት ለፊት ጠረጴዛው ኋላ የድርጅቱ ተወካይ ተነሣ። ባለ ሰደርያ ነው የሚሉት፤ አንጸባራቂ ቢጫ ሰደርያውን ለስብሰባ እንኳን አያወልቅም።

«አሥራ ሁለት ማመልከቻ ደርሶናል» አለ። «አሥራ አንዱ ወድቋል።»

አዳራሹ ጨለመ። በራ።

«ወድቋል ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ባለ ሰባት ከፊት ወንበር። «ወፍጮውስ?»

«ወፍጮውም።»

«የኛስ የስፌት መኪና?» አለች ሰፊዋ።

«እሱም ነው፣ እማማ።»

«ማንን ነው እማማ የሚለው ይሄ! በእኩያህ አትቀልድ!»

ሳቅ ተነሣ፤ ግን ወዲያው ሞተ።

«አሥራ አንዱም የተጻፉት በአንድ ሰው እጅ ነው» አለ ባለ ሰደርያው። «በሌላ ቦታ ደላሎች ለሰው እየሞሉ ብዙ ሕዝብ ስለዘረፉ፣ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ማመልከቻ ማዘጋጀት አይችልም። ደንቡ ቅጹ ጀርባ ላይ ተጽፏል።»

«የምን ጀርባ? ጀርባው ባዶ ነው እኮ!»

ባለ ሰደርያው ከድርጅቱ ዋና ቅጾች አንዱን አንሥቶ ገለበጠው፤ ጀርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጽፎበታል። ሰፊዋ የራሷን ኮፒ ከቦርሳዋ አውጥታ ገለበጠችው፤ ነጭ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ቆማ «የፊት የፊቱን ብቻ፣ ወረቀት አታባክን» ያለችው እሷ ራሷ ነበረች። ብሎን ከኋላ ሆኖ አያት፤ ሰው ጥፋቱን ሲውጥ ጉሮሮው እንዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

«አሥራ ሁለተኛው ጸድቋል» አለ ባለ ሰደርያው። «የእግረኛ ድልድይ። የማዶ ሰፈር።»

ጭንቅላት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ብሎን ዕድሜውን ሙሉ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው ሲመኝ ኖሯል። አሁን ዞረው ሲያዩት ግን ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደ።

«እሱ ነው የጻፈው? በራሱ እጅ?» አለ አንዱ።

«ብሎን መፍቻ እንጂ ብዕር የት ያውቃል!»

«ገባኝ!» ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሣች፤ ድምፅዋ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። «አሁን ገባኝ! ደንብ የማታነብ መምህርት አለች? የኛን አሥራ አንዱን በእጇ ጽፋ ጣለችና የወደደችውን አተረፈችው! ፓምፕ ሲጠግን አጠገቡ ተተክላ ስትውል አላየንም?»

ጉምጉምታው እንደ ሩቅ ውሃ ድምፅ ጀመረ፤ ከዚያ ቀረበ። ባለ ሰባት ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምንድን ነው የምትለው ይቺ?»

«አባዬ፣ የሰጣችሁኝ ቅጽ ጀርባ አልነበረውም። ያልነበረውን ከየት ላንብብ?»

«ጥያቄ ከተነሣ ማጣራት አለብኝ» አለ ባለ ሰደርያው። «አሥራ ሁለቱንም የጻፈችው እሷ ከሆነች፣ ባለማወቅ ነው እላለሁ። ሁሉም ወድቆ ለሚመጣው ዓመት እንደ አዲስ ይቀርባል፣ ማንም አይጠየቅም። አሥራ አንዱን ጽፋ አንዱን ለወዳጇ ለይታ ከሆነ ግን ማጭበርበር ነው፤ ስሟ ለትምህርት ቢሮ ይሄዳል። ሩብ ሰዓት ዕረፍት።»

ግቢው ውስጥ፣ ያው የድሮው ፓምፕ አጠገብ ተገናኙ። አንዳቸውም ወደ ሌላው አልመጡም፤ ሰዉ ሁሉ ሲሸሻቸው ጊዜ ባዶው ቦታ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አጥሩ ሥር የቆሙት ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። የሚጮህ ሰው ብሎንን አያስፈራውም፤ የሚያንሾካሹክ ነው የሚያስፈራው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

ሽሙጥ መሰለው። «እጄ ባያምርም፣ አዎ።»

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ "ምንም" ነው መልስህ» አለችና ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ጠጋ አለች። እንዲህ ከቅርብ ካያት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ከዓይኗ ሥር ያለችውን ትንሽ ምልክት ረስቷት ኖሮ ደነገጠ። እሱ እኮ የሚረሳው የለውም። «ስማኝ። እዚያ ውስጥ የፈለጉትን ቢሉኝ አፍህን እንዳትከፍት። ድልድዩ ጸድቋል። ያ ታንኳ ዳግመኛ ሰው አይብላ።»

«አንቺስ? ሥራሽስ?»

«እኔን ለእኔ ተወኝ።»

«ለምን? ለማን ብለሽ?»

«ለማን ይመስልሃል፣ አንተ ሰው?»

መልስ ሊሰጣት ነበር። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለችው ወረቀት ግን እንደ ጋለ ብረት ተሰማችው። ግቡ ተባለ። እሷ ቀድማው ስትገባ ከአጥሩ ሥር አንዱ ከእግሯ ኋላ ምራቁን ተፋ። ብሎን ያንን ምራቅ እስኪደርቅ ድረስ የሚያየው መሰለው።

አዳራሹ ውስጥ በሩ ከኋላው ተዘጋ። ቀድሞ ክፍት ነበር። ማን እንደዘጋው አላየም።

«እንግዲህ» አለ ባለ ሰደርያው፣ «ስለዚህ ነገር የሚናገር...»

ብሎን መቆሙን ያወቀው ከቆመ በኋላ ነው።

«የኔንም የጻፈችው እሷ ናት።»

መምህርቷ ዘወር አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ «አይሆንም» የሚል ይመስላል።

«ጽሑፉ እኮ የተለየ ነው» አለ ባለ ሰደርያው።

«በግራ እጇ ጽፋው ነው። እኔ ለምኛት። ራሱ ጻፈ እንዲባልልኝ። እኔ መጻፍ አልችልም።»

ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተማታ። «አላልኩም?» አለ አንዱ። ብሎን ሳቁን ሰማው፣ አንድም ሳይቀር፤ ማን እንደሳቀ፣ ስንት ጊዜ እንደሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ይመዘግበው ነበር። ያኔ ግን የታየው የአክስቱ ፊት ነበር። አክስቱ የሰው ልብስ እያጠበች ስድስት ዓመት ያስተማረችው «እንደኔ አውራ ጣትህን ቀለም እንዳትነክር» ብላ ነበር። ድልድዩም ስለ እሷ ነበር። ሁለቱንም በአንድ አፍ ሰጠ።

«እንግዲያው ለዚህ ቃልህ ፈርም» አለ ባለ ሰደርያው። ወረቀቱን አስቀመጠለት፤ ከጎኑ ብዕር፣ ከብዕሩ ጎን የማህተም ቀለም።

ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ያለው መንገድ ረጅም ነበር። ብሎን ብዕሩን አየው። ብዕሩም ያየው መሰለው። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነና ወረቀቱ ላይ አሳረፈው፤ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው፣ እስከ መጨረሻው።

«ውሸቱን ነው!»

መምህርቷ ነበረች። የተማሪዎቿን ስም መጥሪያ መዝገብ ከፍታ ከሽፋኑ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣች። ዳር ዳሩ በመታሸት ብዛት ሳስቷል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እጁ ይኸውላችሁ። ከማመልከቻው ጋር አመሳክሩት።»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ባለ ሰባት።

«ደብዳቤ ነው፣ አባዬ።»

«የማን?»

«የኔ። ለኔ የተጻፈ።»

ባለ ሰደርያው ምን እንደያዘ ሳያውቅ ጮክ ብሎ ጀመረው። «"ማማው ላይ ስወጣ አገሩ ሁሉ ይታየኛል፣ እኔ ግን የማየው የእናንተን ግቢ ነው። እዚያ ላይ ብሎን ሁሉ አጥብቄ የማስረው አንድ ቀን ነፋስ በርትቶ ማማውን በቤታችሁ ላይ እንዳይጥለው ብዬ ነው፣ አንቺ ስላለሽበት..."» ቆመ። ጆሮው ቀላ።

ማንም አልሳቀም። ያ ነው ብሎንን ያስፈራው። አዳራሹ ጨለመ፣ በራ፤ ጨለመ፣ በራ። ደብዳቤው ግን ያለው እሷ ጋ ነው! አልጣለችውም ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማሪዎቿ ስም ጋር በየቀኑ ስትከፍተው ስትዘጋው ኖራለች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ፣ ጣቱ እዚያም ወይን ጠጅ ቀለም ተወ።

«ይህ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ብሎኝ አያውቅም» አለች መምህርቷ ለሕዝቡ። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሲያየኝ መንገድ ሲቀይር እየሳቃችሁ አይታችኋል። ከማን ጋር ነው የተማከርኩት?»

ባለ ሰደርያው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ ብዙ ቆየ። «አንድ እጅ ነው» አለ። የጣት አሻራ ያለበትን ወረቀት ለሁለት ቀደደው። «ድልድዩ እንደጸደቀ ይቆያል። ያንቺን ነገር ግን መጻፌ አይቀርም።»

«ይጻፉ» አለች።

ሰፊዋ ነጩን ኮፒ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች። ወደ ማንም አላየችም።

ባለ ሰባት ተነሡ። ሰዉ ይጮሃሉ ብሎ ጠበቀ፤ አልጮሁም። ልጃቸው ፊት መጥተው ቆሙና እንግዳ ሰው እንደሚያናግሩ ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህርት» አሉ፣ «ቤትዎ የት ነው?»

የወለዷትን ልጅ «እርስዎ» አሏት። ሰዉ መንገድ ለቆላቸው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ የተርባይኖቹ ጥላ ወደ ወንዙ ይዞራል። በላይኛው አገር ደመናው ጠቁሯል፤ ውሃው ከጠዋቱ ይልቅ ደፍርሷል። መምህርቷ አንድ ቦርሳና መዝገቡን ይዛ ታንኳው ውስጥ ተቀመጠች። ብሎን ቆሞ ገመዱን በሁለት እጁ እየሳበ ያሻግራታል። ከማዶ ብዙም ሰው የለም። ከኋላቸው ግን፣ ዳርቻው ላይ፣ ሰዉ አንድ ሁለት እያለ መጥቶ ቆሟል።

«እዚያ ምን አለ ብለሽ ነው የምትመጪው?» አላት። «የአክስቴ ቤት ባዶ ነው። ጣሪያው ያፈሳል።»

«ጣሪያ መጠገን አትችልም?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ሳብ።»

ጥቂት ሳበ። «ለምን ገልብጠሽ ላክሽልኝ?» አለ በመጨረሻ። ሁለት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ጥያቄ ስለሆነ ድምፁ ሻክሮ ወጣ። «እንደ ተማሪ! እጄን ንቀሽ!»

«እስከ ታች አንብበኸዋል?»

«የመጀመሪያውን መስመር ካየሁ አይበቃኝም?»

«የት ጣልከው?»

ሁለት እጁ ገመዱ ላይ ነው። በአገጩ ደረቱን አመለከታት። እጇን ዘርግታ ከኪሱ አወጣችው። አራቱም እጥፋት ሊበጠስ ደርሷል።

«ይዘኸዋል» አለች።

«ቂም ነው። አይጣልም።»

ዘርግታ የመጨረሻውን አነበበችለት፤ ነፋሱ ግማሹን ቢወስደውም ሰማት። «"እጅህን ስለወደድኩት የአንተን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ይህን የገለበጥኩት ቃልህን አንድም ሳልጥል መልሼ እንድልህ ነው። እኔም።"»

ብሎን ገመዱን መሳብ ረሳ። ታንኳው መሃል ላይ ቆመ፤ ውሃው ጎኑን ይመታዋል። ሁለት ዓመት! ሰባት መቶ ቀን ደረቱ ላይ ተሸክሞት የዞረው ይህንን ነበር። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ሳያውቅ ቀና ሲል ግን ዳርቻው ታየው።

ባለ ሰባት ከሕዝቡ ተለይተው ዛፉ ሥር ቆመዋል። ገመዱ የታሰረበት ዛፍ ነው፤ ዛፉም የእሳቸው ነው። እጃቸው ቋጠሮው ላይ ነው።

«ምን አየህ?» አለች። እሷ ጀርባዋን ለዳርቻው ሰጥታለች።

«አትዙሪ።»

ገመዱ ላላ። እጁ ውስጥ እንደ ሞተ እባብ ልል ብሎ ወረደ፤ ታንኳው በጎኑ ወደ ታች ተንሸራተተ፣ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ። መምህርቷ የታንኳውን ጠርዝ ሳይሆን የእሱን እግር ያዘች። አልጮኸችም። የአክስቱ የመጨረሻ ድምፅ በብሎን ጆሮ ውስጥ መጣ። እጁን ከገመዱ አልለቀቀም፤ ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ገመዱ ጠበቀ።

ብሎን ዓይኑን ቢጨፍን እንኳን እጁ ያውቃል፤ የላላና የጠበቀ ነገር መለየት ነው ዕድሜ ልኩን የሠራው። ይሄ የድሮው ቋጠሮ አይደለም። ተፈትቶ እንደገና የታሰረ ነው፤ ከድሮው የጠነከረ። ባለ ሰባት አስረው ሲጨርሱ ቀና አላሉም። የማይመለስ መንገደኛ ጓዝ አጥብቆ እንዳሰረ ሰው እጃቸውን አራገፉና ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

«አባቴ ናቸው?» አለች፣ አሁንም ሳትዞር።

«አዎ።»

«ፈቱት?»

«አሰሩት።»

«አጠበቁት?»

«አጠበቁት» አለ ብሎን።

ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ አዳራሹ ውስጥ ያላለቀሰችውን ሁሉ። ቀለም የተነከረ አውራ ጣቱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን አሳረፈችበት። እሱም በአንድ እጁ መሳቡን ቀጠለ። የተርባይኑ ጥላ በውሃው ላይ መጥቶ አለፋቸው፤ ጨለመ። ብሎን በጨለማው ውስጥ ፊቷ ጠፋበትና ትንፋሹን ይዞ እስኪበራ ጠበቀ።